መንገዱ በየት ይለፍ? አስተያየት የሚሰማው መቼ ነው?

መገናኛ እንደ ስሙ ነው። ከቦሌ፣ ከሃያ ሁለት፣ ከኮተቤና ከሲኤምሲ የሚመጡ መንገዶች እዚያ ይገጥማሉ። ቀለበት መንገዱ በዚያ ያልፋል፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚመላለሰው ቀላል ባቡርም እንዲሁ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ከቦሌ ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛም ወደ ሲኤምሲ የሚወስዱትን ጎዳናዎች ለውጧቸዋል። በምሥራቅ አዲስ አበባ የምንኖር ሰዎች መንገድ ሲሰፋና ሲቀጠል በዓይናችን አይተናል። ያላየነው መስመሩ የተመረጠበትን ቀን ነው።

«መሐንዲስ የወሰነውን እኛ ምን እንለውጠዋለን?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይሰማል። መልሱ በጊዜው ላይ የተመሠረተ ነው። አንድ መንገድ ከመሠራቱ በፊት ባለሙያዎች ከአንድ በላይ አማራጭ መስመር በካርታ ላይ ያሰምራሉ። የመሬቱን ተዳፋት፣ የወንዙን መሻገሪያ፣ የውሃና የመብራት መስመሮችን፣ የሚነሱትን ቤቶች ብዛትና ወጪውን ያነጻጽራሉ። በዚህ ወቅት መስመሩን ሃያ ሜትር ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ማዞር የወረቀት ሥራ ነው። ተቋራጭ ውል ከፈረመና ቤቶች ላይ ምልክት ከተደረገ በኋላ ግን ያው ሃያ ሜትር ትልቅ ወጪ ይሆናል፤ የነዋሪውም ንግግር «አቤቱታ» ተብሎ ወደ ፋይል ይገባል።

ካርታው የማያሳየው ብዙ ነገር አለ። ለፈጅር የሚወጡ ሽማግሌዎች የሚያቋርጡበት ቦታ፣ ልጆች ወደ መድረሳ የሚሄዱበት አቋራጭ፣ ጀናዛ የሚወጣበት መንገድ፣ በክረምት ጎርፍ የሚተኛበት ጥግ። ይህን የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነው። በ1990ዎቹ የተሠራው ቀለበት መንገድ ለመኪና ፍጥነት ሰጥቷል። ለእግረኛው ግን ጎረቤት የነበረውን ሰፈር ማዶ አድርጎበታል። የእግረኛ ድልድዩ ሩቅ የሆነበት ሰው በኮንክሪቱ አጥር ላይ ሲዘል ማየት የለመድነው ነገር ነው። «እግረኛው ሥርዓት የለውም» ማለት ይቀላል፤ እኔ ግን መሻገሪያው የት ይሁን ተብሎ ማን ተጠየቀ የሚለውን ማስቀደም ይሻላል ባይ ነኝ።

በኢስላም ታሪክ ይህ ጉዳይ አዲስ አይደለም። ሰዎች በመንገድ ስፋት ሲጨቃጨቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰባት ክንድ እንዲሆን መፍረዳቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። መንገድ የሁሉም ሐቅ ነው፤ ጎረቤት እየገፋ ሊያጠበው አይችልም። በሌላ በኩል የታሪክ ጸሐፍት እንደዘገቡት ዑመር (ረ.ዐ) የመዲናን መስጂድ ለማስፋት የዐባስን (ረ.ዐ) ቤት ሲጠይቁ ዐባስ እምቢ አሉ። ሁለቱ ወደ ዑበይ ኢብን ከዕብ ሄዱ፤ ዑበይም ለዐባስ ፈረዱ። ዐባስ ቤቱን የሰጡት ከዚያ በኋላ፣ በፈቃዳቸውና ያለ ዋጋ ነው። ኸሊፋው ለመስጂድ እንኳ ሆኖ ዳኛ ፊት ቀርበዋል።

ወደ እኛው ሕግ ስንመጣ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮጀክት ለሚነሱ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ ማካካሻ እንዲሰጥ ያዛል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ግልጽ ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ይላል። ስለ መሬት ማስለቀቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ተነሺዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነትና ጥቅም ሊወያዩ እንደሚገባ ይገልጻል። መሬቱ በአስቸኳይ ሲፈለግ ግን ጊዜው ሊያጥር ይችላል። ይህች «አስቸኳይ» የምትለዋ ቃል ብዙ በር ትከፍታለች። አዋጁ ማሻሻያ ስለወጣለት ጉዳይ ያለው ሰው የተሻሻለውን ጽሑፍም አብሮ ማየት ይኖርበታል።

በወረቀት ያለውና መሬት ላይ የሚሆነው ይለያያል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሚያዝያ 2017 ባወጣው መግለጫ በቦሌና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች ነዋሪዎች በቂ ምክክርና ማስጠንቀቂያ ሳይደረግላቸው መነሳታቸውን ገልጿል። የከተማ አስተዳደሩ በበኩሉ የልማት ተነሺዎችን አወያይቶ ምትክና ካሳ እንደሰጠ ይናገራል። የግል ባለይዞታ ካሳና ምትክ ቦታ፣ የቀበሌ ቤት ነዋሪ ደግሞ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የሚያገኝበት አሠራር አለ። ከግለሰብ ተከራይቶ የሚኖረው፣ በረንዳ ላይ ሻይ የምትሸጠው እናት ግን ብዙውን ጊዜ በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ስብሰባ ላይ ስለ እነሱም የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።

መስጂድና ወቅፍ ለብቻው ትኩረት ይፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ መስጂዶች ሲፈርሱ የተነሳው ቁጣ በአንዋር መስጂድ አካባቢ የሰው ሕይወት እስከማጥፋት ደርሷል። ሰነድ የሌለው መስጂድ በፕላን ካርታ ላይ እንደ ባዶ ቦታ ሊታይ ይችላል። መጅሊሱ በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት ስላገኘ፣ የመስጂድ ኮሚቴዎች የይዞታ ማስረጃቸውን አሟልተው ቅጂውን ለክፍለ ከተማው መጅሊስ ማስገባት ያለባቸው የመንገድ ወሬ ከመሰማቱ በፊት ነው።

የወረዳ ውይይት ሲጠራ «መንገዱን አንፈልግም» ብቻ ብሎ መመለስ ብዙም አይጠቅም። የቀረቡት አማራጭ መስመሮች ስንት እንደሆኑ፣ ይሄኛው ለምን እንደተመረጠ፣ እግረኛ በየስንት ሜትሩ እንደሚሻገር፣ ተነሺው ወዴት እንደሚሄድና ልጆቹ የት እንደሚማሩ መጠየቅ ይሻላል። ጥያቄው በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ማድረግና በጽሑፍም ማስገባት ያስፈልጋል። የማስለቀቂያ ትእዛዝ ከደረሰ በኋላ በአዋጅ 1161 መሠረት ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማመልከት የሚቻለው በ30 ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ ትእዛዙ የደረሰበት ቀን የተጻፈበትን ወረቀት አትጣሉት።