ሂናው ሲጠቁር፣ ዳቦው ሲነጣ

ለዒድ ሁለት ቀን ሲቀረው በየሰፈራችን ያለውን ግርግር ታውቁታላችሁ። ቤቱ ይወለወላል፣ ልብስ ይተኮሳል፣ ልጃገረዶች ደግሞ ሂና ለመሞቅ ተራ ይጠብቃሉ። የእህቴ ልጅም ባለፈው ዓመት በዚያው ሰሞን ሄዳ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ ከሰል የጠቆረ አበባ እጇ ላይ አሥላ ተመለሰች። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። በማግሥቱ ግን አበባው በተሣለበት መስመር ልክ ቆዳዋ ቀላ፣ አሳከካት፣ ከዚያም ውኃ ቋጠረ። ዒዱን ያሳለፈችው እጇን በፋሻ ጠቅልላ ነው።

ነገሩ ምንድን ነው? ንጹሕ ሂና በአንድ ሰዓት አይጠቁርም። የሂና ቅጠል የሚሰጠው ቀለም መጀመሪያ ብርቱካናማ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ወደ ቡናማ ቀይ ይደምቃል። ወዲያው የሚጠቁረው ብዙውን ጊዜ የፀጉር ቀለም የተቀላቀለበት ነው። የሚያጠቁረው ኬሚካል ፓራፌኒሊንዳያሚን ይባላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይህ ኬሚካል ለፀጉር በሚውል ቀለም ውስጥ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ የተወሰነ ሲሆን ቆዳ ላይ እንዲቀባ ጭራሽ አይፈቀድም። በሰፈር ሲበጠበጥ ግን ማን ይመዝነዋል?

የእህቴ ልጅ «ባለፈው ለሠርግ ስቀባ ምንም አልሆንኩም ነበር» ትላለች። አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ ሲነካው ሰውነት ሳያሳይ ሊቆጣና ነገሩን ሊመዘግብ ይችላል፤ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ይነሣል። አንዴ የተቆጣ ሰውነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን አይረሳም። የዛሬዋ ልጅ ነገ ሽበቷን ልትሸፍን የፀጉር ቀለም ስትቀባ ፊቷ ሊያብጥ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ሂናውን እቤታችሁ አዘጋጁት። 100 ግራም በደንብ የተነፋ የሂና ዱቄት ውሰዱ። ቀለሙ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ሽታው እንደ ደረቅ ሣር የሆነ ይሁን፤ ጥቁር ዱቄት ከሆነ ተዉት። ለብ ባለ ውኃ ወይም በሎሚ ጭማቂ እንደ እርጎ እስኪወፍር አቡኩትና አንድ ማንኪያ ስኳር ጨምሩበት፤ ስኳሩ ቆዳ ላይ እንዲይዝ ያደርገዋል። ከድናችሁ ሞቅ ያለ ቦታ ከ6 እስከ 12 ሰዓት አሳድሩት። ከተቀባችሁ በኋላ ቢያንስ 4 ሰዓት ይቆይ። ሲደርቅ በውኃ አትጠቡት፤ ፈቅፍቁት፣ እጃችሁንም እስከ ማግሥቱ ከውኃ አርቁ። ድምቀቱን የሚያመጣው ይህ ትዕግሥት ነው። መዳፍ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ከእጅ ጀርባ ይልቅ ይደምቃል። በነገራችን ላይ የደጋ እናቶቻችን የእንሶስላን ሥር ወቅጠው ሲሞቁ የኖሩት በዚሁ ዓይነት ትዕግሥት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ንጹሕ ሂናም ቢሆን ለጨቅላ ሕፃን አይቀባ። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ልጆች አሉ፤ ሂና በቆዳቸው ሲሰርጽ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ሊፈርስና ለከባድ ቢጫ በሽታ ሊዳረጉ ይችላሉ። ልጁ ይህ ችግር ይኑርበት አይኑርበት በዓይን አይታወቅም።

ለፊትና ለእጅ

ማድያት የወጣባቸው እህቶች «ያነጣል» የተባለ ቅባት ፍለጋ የሚደክሙት ድካም ያሳዝነኛል። በአንዳንዶቹ ውስጥ ሜርኩሪ ይገኛል። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወደ ጽንሱ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮችም በ2023 ባደረጉት ጉባኤ ሜርኩሪ የተጨመረባቸው መዋቢያዎች በ2025 እንዲቆሙ ወስነዋል። ይሁን እንጂ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ብልቃጥ ዛሬም ገበያ ላይ አይጠፋም። «ተፈጥሯዊ ይሻላል» ብላችሁ ሎሚ ፊታችሁ ላይ ቀብታችሁ ፀሐይ ላይ ብትወጡም ቆዳው ይቃጠልና ከፊተኛው የባሰ ጥቁረት ይተዋል። ተፈጥሯዊ ሁሉ ለስላሳ አይደለም። ለማድያት ከፀሐይ መከለልና የቆዳ ሐኪም ማማከር ይበጃል።

ለደረቀ እጅ፣ ለከንፈርና ለተሰነጠቀ ተረከዝ ግን የምትሠሩት አለ። 20 ግራም ንጹሕ የማር ሰም እና 80 ግራም የወይራ ወይም የሰሊጥ ዘይት በብርጭቆ ዕቃ አድርጋችሁ፣ ዕቃውን በሚፈላ ውኃ ድስት ውስጥ አስቀምጡ። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ። ሰሙ ሲቀልጥ አውጥታችሁ በደረቀ ብልቃጥ ገልብጡት፤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ውኃ ስለሌለበት ጀርም አይራባበትም፤ ዘይቱ ካልሻገተ ለወራት ይቆያል። የጽጌረዳ ውኃ ወይም የእሬት ጭማቂ ከጨመራችሁበት ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በጥቂት ቀን ይበላሻል። የጥቁር አዝሙድ ዘይት የምትወዱ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምሩ፣ መጀመሪያ ግን ክርናችሁ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ። በኮስቲክ ሶዳ ሳሙና መሥራት ግን ከሚያውቅ ሰው ጋር ካልሆነ አልመክራችሁም፤ ዓይን ያጠፋል።

ዳቦው

ሂናው መጥቆሩ እንዳስቸገረን ሁሉ ዳቦው መንጣቱም አስቸግሮናል። በ100 ግራም ነጭ የፉርኖ ዱቄት ውስጥ ያለው አሰር 3 ግራም ያህል ነው፤ ካልተነፋው የስንዴ ዱቄት ግን ከ10 ግራም በላይ ይገኛል። ገብስ ደግሞ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አለው፤ ይህ አሰር ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፣ ኮሌስትሮልንም ይቀንሳል። ለሱሑር የተበላ የገብስ ዳቦ ከነጩ ይልቅ ሆድ ውስጥ የሚቆየው ለዚህ ነው።

እኔ የምጋግረው እንዲህ ነው። 700 ግራም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ 300 ግራም የገብስ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ወደ ሦስት አራተኛ ሊትር ለብ ያለ ውኃ። ሊጡ ከነጩ ትንሽ ላላ ይበል፤ ገብስ ውኃ ይጠጣል። አሽታችሁ ከድናችሁ አሳድሩት። እርሾው ጥቂት የሆነው ሌሊቱን ቀስ ብሎ እንዲነሣ ነው። ያልተነፋ እህል ብረትና ዚንክ ቢኖረውም ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል፤ ሊጡ ቆይቶ ሲቦካ እስሩ ይላላል። ድሬዳዋ ወይም ጅዳ ያላችሁ ግን እንዳታሳድሩት፤ በዚያ ሙቀት በጥቂት ሰዓት ይነሣል።

ኮባ ካገኛችሁ ምጣዱን በኮባ አልብሳችሁ ሊጡን ገልብጡ፣ በኮባ ሸፍናችሁ እሳት ከላይም ከታችም አድርጉ። ምድጃ ያላችሁ በ200 ዲግሪ አንድ ሰዓት ያህል ጋግሩት። ጀርባውን በጣት ስትመቱት ባዶ ዕቃ የተመታ ዓይነት ድምፅ ካሰማ በስሏል። ትኩሱን አትቁረጡ፤ የገብስ ዳቦ ሳይቀዘቅዝ ሲቆረጥ ይጣበቃል። የስኳር በሽታ ያለባችሁ ይህም ዳቦ መሆኑን አትርሱ፤ መጠኑን ቁጠሩ። የስንዴና የገብስ ግሉተን ለማይስማማው ሰው ደግሞ ይህ አይሆንም።

የእህቴን ልጅ አልረሳኋትም። ጠባሳው ከሰመ፤ ሐኪሙ ግን የፀጉር ቀለም በሕይወቷ እንዳትነካ ነግሯታል። ዘንድሮ ሂናውን እኔው ዘንድ በጠበጥን። ክርኗ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነጠብጣብ አድርገን ሁለት ቀን ጠበቅን፣ ምንም አልሆነችም። ሌሊቱን እጇን በጨርቅ ጠቅልላ አደረች። ጠዋት ስትፈቀፍቀው ብርቱካናማ ሆኖ ስታየው ፊቷ ጠቆረ፤ «አልያዘም» አለች። በማግሥቱ ማታ ግን ሳትጠራኝ እጇን ልታሳየኝ መጣች።