ሸክላ፣ ማኅደር፣ መፍቻ፦ ዕውቀትን በጠፈር ለሩቅ ዘመን ስለ ማቆየት የስያሜ ማብራሪያ

በነሐሴ ወር 1969 ዓ.ም. ቮያጀር 1 እና ቮያጀር 2 የተባሉት መንኮራኩሮች ሲመጥቁ፣ እያንዳንዳቸው አንድ የድምፅ ሸክላ ይዘው ነበር። በሸክላው ላይ የ55 ቋንቋዎች ሰላምታ፣ 27 የሙዚቃ ሥራዎችና ከ100 በላይ ሥዕሎች ተቀርጸዋል። ከሴም ቋንቋዎች አካድኛ፣ አራማይክ፣ ዕብራይስጥና ዓረብኛ ሲገኙበት፣ ግዕዝና አማርኛ አልተካተቱም፤ ከኩሽ ወገንም አንድ ስንኳ የለበትም።

ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ ለሚጽፍ ሦስት ቃላት ማብራሪያ ይሻሉ።

ሸክላ፦ ከተጠበሰ ጭቃ ዕቃ ስም ወደ ድምፅ መቅረጫ የተላለፈ ቃል ነው። «የወርቅ ሸክላ» ማለት ግን ያሳስታል፤ የቮያጀሩ አካል መዳብ፣ ወርቁ ልባጥ ነውና። «በወርቅ የተለበጠ የድምፅ ሸክላ» የሚለውን እንመርጣለን።

ማኅደር፦ «ኀደረ» ካለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ሲሆን ማደሪያ ማለት ነው። የብራና መጽሐፍ የቆዳ መያዣም፣ የጽሕፈት ቤት ሰነድ ማቀፊያም በዚሁ ስም ይጠራል። ለትውልድ የሚቀመጠውን ዕውቀት የያዘውን ዕቃ «የዘመን ማኅደር» ብንለው ከልማዱ አንወጣም።

መፍቻ፦ የተዘጋውን የሚከፍት ነው። የቮያጀር ሸክላ ልባስ ሸክላው እንዴት እንደሚጫወት በሥዕል ያስረዳል፤ የሰላምታዎቹን ፍቺ የሚገልጥ መዝገበ ቃላት ግን አልተጨመረበትም።

የመፍቻን አስፈላጊነት በሰቆጣና በዋግ ኽምራ የሚነገረው ኽምጣና በግልጽ ያሳያል። ይህ ቋንቋ የአዊኛ፣ የብሌንና የቅማንትኛ ዘመድ የሆነ የአገው ቋንቋ ነው። በአማርኛ ራሱን ችሎ የማይቆም፣ ከላንቃው ጥግ የሚነሣ አፍንጫዊ ድምፅ አለው። ለዚህ ድምፅ የሚያገለግለው የ«ጘ» ዘር ከኢትዮጵያ ፊደላት ጋር በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ተመዝግቧል። ጸሐፊው በ«ጘ» ፈንታ «ነ» ወይም «ገ» ቢጽፍ፣ ተናጋሪ በማይኖርበት ዘመን የሚመጣ አንባቢ የተለያዩ ቃላትን አንድ አድርጎ ይወስዳል፤ ስሕተቱንም የሚያርምለት አያገኝም።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ያመጠቀችው የመሬትን ገጽ ለመቃኘት ነበር። እንዲህ ያለው መሣሪያ የተራራን ቅርጽ ያነሣል፤ ነዋሪው ተራራውን በምን ስም እንደሚጠራው ግን አያነሣም። ስሙን የሚያቆየው መዝገበ ቃላት ነው።

ስለዚህ ለዘመን ማኅደር የሚዘጋጅ እያንዳንዱ ቃል በትክክለኛ ፊደሉ ተጽፎ፣ ከተናጋሪው አንደበት ተቀርጾ፣ ቢያንስ በሁለት ቋንቋዎች ተፈትቶና በምሳሌ ዓረፍተ ነገር ተደግፎ ሊቀመጥ ይገባዋል። ይህ ሥራ ተናጋሪው በሕይወት ሳለ ካልተፈጸመ፣ ወደ ጠፈር የሚላከው ድምፅ ብቻ ይሆናል።