የማክሰኞ ገበያ

የኒው ዮርክ ካርቱኒስቶች ገበያ ማክሰኞ ይውል ነበር። ሳምንቱን ቤቱ ተቀምጦ ሲጭርና ሲሰርዝ የሰነበተ ሁሉ በዚያን ዕለት አሥር ያህል ንድፎች በአቃፊ ሸክፎ ወደ «ዘ ኒው ዮርከር» መጽሔት ቢሮ ይሄዳል። ቀድመውት ከደረሱ ባልደረቦቹ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል፤ ተራው ሲደርስ ገብቶ ከካርቱን አርታዒው ፊት ይቀመጣል። አርታዒው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ይገልጣል። አንዱ ላይ ፈገግ ይላል፤ አብዛኞቹን ግን ብር እንደሚቆጥር የባንክ ሠራተኛ ፊቱ ሳይፈታ ያልፋቸዋል። የሰባት ቀን ድካም በጥቂት ደቂቃ ታይቶ ያበቃል።

«ዘ ኒው ዮርከር» ሐሮልድ ሮስ የተባለ ጋዜጠኛ በ1925 የመሠረተው ሳምንታዊ መጽሔት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በረጃጅም ዘገባዎቹና በአጫጭር ልብ ወለዶቹ ይታወቃል፤ ይሁንና እትሙ እጁ ሲገባ መጀመሪያ ካርቱን ካርቱኑን ፈልጎ የሚያገላብጥ አንባቢ ብዙ ነው። ካርቱኖቹ እንደ ጋዜጣ የፖለቲካ ካርቱን የዕለቱን ዜና አይከተሉም። አንድ ሥዕል፣ ከሥሩ አንዲት አረፍተ ነገር፤ በቃ። ሮስ በዚህ ነገር ላይ ቀልድ አያውቅም ነበር። አንባቢው ከሰዎቹ መካከል ተናጋሪው የትኛው እንደሆነ በአንድ እይታ መለየት አለበት ብሎ አጥብቆ ይይዝ ነበር።

ገበያው ሻጭ የበዛበት፣ ገዢው አንድ የሆነበት ገበያ ነው። ከ1997 እስከ 2017 የካርቱን አርታዒ የነበረው ቦብ ማንኮፍ እንደሚናገረው፣ በየሳምንቱ አንድ ሺህ ገደማ ንድፎች ይቀርባሉ፤ ከዚያ ውስጥ የሚገዙት ከሃያ አይሞሉም። አንጋፋ የተባለው ሠዓሊ እንኳ ከአሥሩ አንዱን ከሸጠ ሳምንቱ ቀናው ማለት ነው። ባዶ እጅ መመለስ የተለመደ ነው።

ማንኮፍ ራሱ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ከጠረጴዛው ማዶ የነበረውን ኑሮ በሚገባ ቀምሶታል። የሥነ ልቦና የዶክትሬት ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ካርቱን የገባ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ሥራ በ1977 እስኪሸጥ ድረስ ለዚሁ መጽሔት 2,000 ያህል ካርቱኖች አቅርቦ ሁሉም እንደተመለሱበት ይናገራል። በኋላ መታወቂያው የሆነው አሣሣል፣ ጥላውንም መልኩንም በሺህ ጥቃቅን ነጠብጣቦች የሚሞላበት ዘዴው ነው።

ለመሆኑ በየሳምንቱ አሥር ቀልድ ከየት ይመጣል? ሁሉም የየራሱ ጓዳ አለው። በብሩክሊን ያደገችው ሮዝ ቻስት ድንገት የሰማችውን ወይም ብልጭ ያለላትን ነገር በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋ ሣጥን ውስጥ ታጠራቅማለች፤ ንድፍ የምታቀርብበት ቀን ሲቃረብ ሣጥኑን ገልብጣ ትመርጣለች። ወደ መጽሔቱ የገባችው በ1978 ሥራዎቿን በአቃፊ አድርጋ ቢሮው ትታ በመሄድ ነበር። የተገዛላት የመጀመሪያ ካርቱን ስም የሌላቸውን ጥቃቅን ዕቃዎች ስሎ ስም ያወጣላቸዋል እንጂ የተለመደ ዓይነት ቀልድ የለውም። ሊዛ ዶነሊ ደግሞ ጓዳዋን ይዛው ትዞራለች። በምድር ውስጥ ባቡር የተሳፈረውን ሰው እዚያው በታብሌት ትስላለች፤ በኦስካር ሽልማት ቀይ ምንጣፍ ዳር ቆማም ተዋንያኑን ሲያልፉ ስላለች።

ከተማዋ ራሷ ርዕስ ሆናም ታውቃለች። ሩማንያ ተወልዶ ሚላን ውስጥ ሥነ ሕንጻ የተማረው ሶል ስታይንበርግ በ1976 ለመጽሔቱ ሽፋን የሳለው ሥዕል ዓለምን ከማንሃተን ዘጠነኛ ጎዳና ላይ ሆኖ ያያታል። ሁለት መንገዶችና ሕንጻዎቻቸው የሥዕሉን ግማሽ ይይዛሉ። ከወንዙ ወዲያ ያለው የአሜሪካ ምድር በሙሉ ከአንድ የእርሻ መደብ አይበልጥም፤ ቻይና፣ ጃፓንና ሩሲያ ከአድማስ ሥር እንደ ጉብታ ብቅ ብለዋል። ሥዕሉ ከወጣ በኋላ ብዙ ከተሞች የራሳቸውን ቅጂ አሠርተዋል።

አንዳንዴም ቀልዱ ከስህተት ይወለዳል። ጄምስ ተርበር በድንጋይ ላይ የተቀመጠች የባሕር አቆስጣ ሊስል ጀመረ። ድንጋዩ አላምር አለውና የአልጋ ራስጌ መሰለ። ተርበር አልሰረዘውም፤ አልጋውን ጨርሶ ባልና ሚስት አስተኛበት። በ1932 የወጣው ካርቱን ይህ ነው፤ ሚስት የአቆስጣ ጩኸት ሰማሁ ባለው ባሏ ላይ ስትቆጣ፣ እንስሳዋ ከራስጌያቸው በላይ ጉብ ብላለች።

ሁሉም የራሱን ቀልድ ይፈጥራል ማለት ግን አይደለም። ጆርጅ ፕራይስ በመጽሔቱ ከ1,200 በላይ ካርቱኖች ያወጣ ሠዓሊ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሐሳቡ የራሱ የሆነው አንዱ ብቻ ነበር ይባላል። ሌላውን ሁሉ ቀልድ ጽፎ መሸጥ ሙያቸው ከሆነ ሰዎች አገኘው። የእሱ ድርሻ የተዝረከረከውን ቤት፣ የተጣመመውን ወንበርና የነዋሪዎቹን ገጽታ ማሳመር ነበር። ይህ የሥራ ክፍፍል እየቀረ ሄዷል። ዛሬ ከአንድ ካርቱኒስት የሚጠበቀው ሐሳቡንም፣ መስመሩንም፣ አረፍተ ነገሩንም ራሱ እንዲያመጣ ነው።

የገበያ ቀን ልማዱ ከአንድ መጽሔት በላይ ሥር አለው። ካርቱን የሚገዙ መጽሔቶች በኒው ዮርክ በበዙበት ዘመን፣ ሠዓሊዎች በሳምንት አንድ ቀን አቃፊያቸውን ይዘው ከቢሮ ቢሮ ይዞሩ ነበር። ዙሩ የሚጀምረው ከፍ ያለ ዋጋ ከሚከፍለው ነው፤ እሱ ያልወሰደውን ለቀጣዩ፣ ቀጣዩ የመለሰውን ደግሞ ለዝቅተኛው ያቀርባሉ። ሲመሽ አቃፊው ውስጥ የቀረው ማንም ያልፈለገው ነው። በኋላ ግን ገዢዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። «ኮሊየርስ» በ1957 መጀመሪያ፣ «ሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት» በ1969፣ «ሉክ» በ1971 ኅትመት አቆሙ። ቀድሞ ከብዙ ገዢዎች አንዱ የነበረው «ዘ ኒው ዮርከር» የብዙዎች ዋና ተስፋ ሆኖ ቀረ።

ከማክሰኞው ወረፋ በኋላ ምሳ ነበር። ካርቱኒስት ብቻውን የሚሠራ ሰው ነው፤ አለቃም፣ የሥራ ባልደረባም፣ ሻይ የሚጠጣበት ክበብም የለው። ስለዚህ አርታዒው ዘንድ ገብተው የወጡት ተሰባስበው ወደ አንድ ምግብ ቤት ያመሩ ነበር። ከማዕዱ ከማይጠፉት አንዱ በ2023 በ89 ዓመቱ ያረፈው ሳም ግሮስ ነበር። ግሮስ የሳለውን እያንዳንዱን ካርቱን ቁጥር እየሰጠ የሚመዘግብ ሰው ነበር፤ መዝገቡ ከ25,000 በላይ ደርሷል። ከሁሉ የሚታወቅለት ካርቱን ግን የወጣው «ናሽናል ላምፑን» በተባለ ሌላ መጽሔት ነው። የእንቁራሪት እግር ከሚሸጥበት ምግብ ቤት ወጥ ቤት፣ እግር የሌላት እንቁራሪት ጎማ ባለው ሰሌዳ ላይ እየተገፋች ስትወጣ ተመጋቢዎቹ ያፈጡባታል። ከእንዲህ ያለ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ምሳ መብላት ለጀማሪ ትምህርት ቤት ነበር። አሥሩም ንድፍ የተመለሰበት ወጣት፣ ሃምሳ ዓመት የሠራውም አሥሩ እንደተመለሰበት እዚያ ያይ ነበር።

አርታዒው በበኩሉ ሥራው ገና ነው። ከሺው መካከል ሃምሳ ያህሉን ነጥሎ ወደ ዋናው አዘጋጅ ይገባል። በማንኮፍ ዘመን ዋናው አዘጋጅ ዴቪድ ሬምኒክ ንድፎቹን በሦስት ቅርጫት ይለያቸው ነበር፤ አንዱ ለ«ይሁን»፣ አንዱ ለ«አይሁን»፣ አንዱ ለ«ምናልባት»። «ይሁን» የተባለው ደግሞ ተመሳሳይ ቀልድ ከዚህ በፊት በመጽሔቱ ወጥቶ እንደሆነ ይጣራል።

ከዚያ የመጠበቅ ቀናት ይመጣሉ። ማንኮፍ በ1993 ያወጣው በጣም የታወቀ ካርቱኑ ስለ ቀጠሮ መሆኑ ያስቃል። አንድ ነጋዴ ስልክ ይዞ፣ የቀጠሮ ደብተሩን እያየ፣ ሐሙስ እንደማይመቸው ከተናገረ በኋላ ለደዋዩ «መቼም» የሚባል ቀን ይመቸው እንደሆነ በትሕትና ይጠይቀዋል። የተቀባይነት ዜና ሳምንቱ ሳያልቅ ይደርሳል፤ ካርቱኒስቶቹ «ኦኬ» ይሉታል። ኦኬ የደረሰው ሰው ጭረቱን ወደ ጎን ትቶ ሥዕሉን በጥሩ ወረቀት፣ በቀለም እንደ አዲስ ይሠራል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚቸገሩበት ነገር አለ። አርታዒውን ያሳቀችው የችኮላ መስመር ተስተካክላ ስትሠራ ሕይወቷ ሊጠፋ ይችላል።

የተመለሱት ሁልጊዜ አይጣሉም። ማቲው ዲፊ የተባለ ካርቱኒስት በ2006 የእሱንና የባልደረቦቹን ውድቅ ሥራዎች ሰብስቦ በመጽሐፍ አሳትሟቸዋል።

በ2017 ኤማ አለን የማንኮፍን ቦታ ተረከበች፤ በዚያ ወንበር የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ2020 ኮሮና የከተማዋን ቢሮዎች ሲዘጋ ወረፋውም ቆመ፤ ከሩቅ አገር ያሉ ሠዓሊዎች ቀድሞም ንድፎቻቸውን በኢሜይል ይልኩ ነበርና ሌላውም ተከተላቸው። ንድፍ በኢሜይል ይሄዳል፤ ኦኬም በኢሜይል ይመጣል። በኢሜይል የማይላከው ምሳው ብቻ ነው።