ስሕተትን ፈጥኖ ስለ መናገር

ልጆቻቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚልኩ ወላጆች ስንቅና ልብስ አሰናድተው፥ መክረውና መርቀው ይሸኛሉ። ነገር ግን ልጁ እዚያ ስለሚቀበለው የኮምፒዩተር አካውንትና የይለፍ ቃል የሚመክረው ወላጅ ጥቂት ነው። ይህ አካውንት ብዙ ሺሕ ሰዎች ንብረታቸውን ያኖሩበት ግቢ አንዱ በር ስለ ሆነ፥ ዛሬ ስለ አጠባበቁ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

በሆላንድ አገር በማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ነገር ለዚህ ምስክር ነው። በ2012 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጀመሪያ እውነተኛ የሚመስል የሐሰት ኢሜይል ለሠራተኞች ተላከ። በውስጡ ያለውን ሊንክ የከፈተ ሰው በመገኘቱ ሌቦቹ ገቡ። ከሁለት ወር በላይም ውስጥ ለውስጥ ሲመላለሱ ቆይተው፥ ታኅሣሥ 13 ቀን 267 ሰርቨሮችን ቈለፉና ገንዘብ ጠየቁ። ዩኒቨርሲቲውም የተማሪዎቹ ፈተናና የመምህራኑ ምርምር እንዳይጠፋ በማሰብ 30 ቢትኮይን፥ ይኸውም በጊዜው ዋጋ 200,000 ዩሮ ያህል ከፈለ።

ይሁን እንጂ ዩኒቨርሲቲው ነገሩን አልሸሸገም። የመርማሪዎቹን ቃል ሌሎች እንዲማሩበት በዚያው ዓመት በጥር ወር ለሕዝብ ገለጠ። ፖሊስም የገንዘቡን ከፊል ተከታትሎ አገኘ፤ የቢትኮይን ዋጋ ከፍ ብሎ ስለ ነበር፥ በ2014 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው እንዲመለስለት የተወሰነው 500,000 ዩሮ ያህል ሆነ። ይህም የተቸገሩ ተማሪዎች መርጃ እንዲሆን ታሰበ። እንዲህ ያለ ዕድል ግን ለሁሉ አይገጥምም።

እኛ ከዚህ ታሪክ ከሁሉ አብልጠን የምንመለከተው እነዚያን ሁለት ወራት ነው። ሌባ የሚበረታው ዝም በተባለበት ጊዜ ነው። የተሳሳተ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝም የሚለው ተግሣጽን ፈርቶ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ለዚህም ይሆናል።

ስለዚህ ማናቸውም ተማሪ የይለፍ ቃሉን ለባልንጀራው እንኳ አይስጥ፤ አንዱንም ቃል በሁለት ስፍራ አይጠቀምበት። ዩኒቨርሲቲው በስልክ የሚደርስ ሁለተኛ ማረጋገጫ ካለው ይቀበለው። የይለፍ ቃልህን ላክ የሚል ኢሜይል ቢደርሰው የአታላይ መሆኑን ይወቅ። ሳያውቅ ሊንኩን ከፍቶ እንደ ሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ለኮምፒዩተር ክፍሉ ያመልክት፤ በሌላ ኮምፒዩተር የይለፍ ቃሉን ይለውጥ፤ መልእክቱንም ሳያጠፋ ለመርማሪዎች ያቈይ።

ለወላጆችም የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። ልጃችሁ «ተሳሳትሁ» ብሎ በመጣ ጊዜ አስቀድማችሁ አትቈጡት። በቤቱ እውነት ተናግሮ ያልተዋረደ ልጅ፥ ነገ በመሥሪያ ቤቱም ስሕተቱን ፈጥኖ ይናገራልና።