የበግ ወርች ለምሳ ሲታዘዝ

እኅቴ ሆይ፣ ቃሉዓ በምትሠሪበት ቤት ጧት 2 ሰዓት ላይ 2 ኪሎ የበግ ወርች ተሰጥቶሽ «ለ7 ሰዓት ምሳ እንግዳ አለ» ብትባዪ አትደንግጪ። ከሐድረሞት የመጣው መንዲ በጉድጓድ ምድጃ ከፍም በላይ ታፍኖ ነው የሚበስለው። ክዳን ያለው የከሰል ምድጃም ወደዚያ ጣዕም ያደርስሻል።

ወርች ጅማት ይበዛዋል። ጅማቱ ቀልጦ ሥጋው በጣት እንዲፈርስ ውስጡ ከ90 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ምድጃው 110 ዲግሪ ከሆነ ቀኑን ይፈጃል፤ 160 ከሆነ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል።

ፍሙን በአንድ ወገን፣ ሥጋውን በሌላው ወገን አድርጊ፤ ከፍሙ በላይ ከሆነ ያርራል። ከሙንና ጨው እሺው። በጾም መቅመስ ስለማትችዪ ጨውን ለኪሎ 2 የሻይ ማንኪያ ስፈሪ። ክዳኑን ገጥመሽ 1 ሰዓት ካጨስሽው በኋላ ጥቂት ውኃ ጨምረሽ በፎይል ጠቅልዪው። ክዳኑን ቶሎ ቶሎ አትክፈቺ፤ ሙቀቱ ይወጣል። ሹካ ያለ ትግል ሲገባለት በስሏል፤ እንደተጠቀለለ 20 ደቂቃ ይረፍ።

ከሁሉ በላይ ግን ከሰሉን በግቢ ወይም በሰገነት ላይ አንድጂ። የፍም ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃው ይገድላል። ያልጠፋ ፍም ወደ ወጥ ቤትም ሆነ ወደ መኝታሽ አታስገቢ። ራስሽን ካመመሽ ወይም ካቅለሸለሸሽ ሥጋውን ትተሽ ወደ ነፋስ ውጪ። ምሳ ቢዘገይ ይቀርባል፤ አንቺ ግን ምትክ የለሽም።