ሃያ ቀን በአውሮፓ

በዚህ ጦር ሠፈር ለረጅም ዘመን አገልግለው በጡረታ የተሰናበቱ አንድ ሻለቃ፣ ከባለቤታቸው ጋር ባለፈው ግንቦት ሃያ ቀን ሙሉ በአውሮፓ ተዘዋውረው መመለሳቸውን እንደሰማን፣ ያዩትን ለመለዮ ለባሹና ለቤተሰቡ እንዲያካፍሉልን ለመጠየቅ ከመኖሪያ ቤታቸው ድረስ ሄደን ነበር። ሻለቃው በመጀመሪያ አልተቀበሉንም። «እኔ የማውቀው ዘመቻን እንጂ ሽርሽርን አይደለም፤ ምኑ ይጻፋል?» አሉን። ቡና በማፍላት ላይ የነበሩት ባለቤታቸው ግን ቀና ብለው፣ «የሚጻፍስ አለ። ተቀመጡ፣ እኔ እነግራችኋለሁ» ሲሉ አስቀመጡን። ስማቸው እንዳይጠቀስ አደራ ስላሉን፣ በዚህ ጽሑፍ ሻለቃውና ወይዘሮዋ እያልን እንቀጥላለን። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጉዞው ምክንያት ልጃቸው ናት። በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ በነርስነት የምትሠራ ሲሆን፣ ሁለት ዓመት ገንዘብ አጠራቅማ የግብዣ ደብዳቤና የአውሮፕላን ቲኬት ላከችላቸው። ባልና ሚስቱ በሠላሳ ምናምን ዓመት የትዳር ዘመናቸው ለዝውውር ወይም ለለቅሶ ካልሆነ በቀር አንድም ቀን አብረው ተጉዘው እንደማያውቁ ሻለቃው ሲነግሩን ድምፃቸው ዝቅ አለ። ይህን የሚያነቡ ብዙ ባለትዳሮች ነገሩን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ወይዘሮዋ ሻንጣ ሲያሸጉ ሁለት ሌሊት አድረዋል። ልጃቸው አስቀድማ በስልክ ስላስጠነቀቀቻቸው ቅቤውና ቋንጣው ከሻንጣው ወጥቶ ቀርቷል፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱምና። በርበሬውና ሽሮው ግን በሰላም ገብተዋል። ልጅ ለመጠየቅ የምትሄዱ እናቶች ይህን ልብ በሉ።

በኮሎኝ ከባቡር ጣቢያው እንደወጡ ፊት ለፊት የተቀበላቸው ታላቁ ካቴድራል ነው። መሠረቱ በ1248 ተጥሎ፣ ሥራው ለብዙ ዘመን ተቋርጦ፣ የተጠናቀቀው በ1880 ነው። ሁለቱ ማማዎቹ 157 ሜትር ወደ ሰማይ ይወጣሉ። ወይዘሮዋን የማረካቸው ግን ቁመቱ ሳይሆን በውስጡ ያለው በወርቅ የተለበጠ ሣጥን ነበር። በ1164 ከኢጣሊያ ከሚላኖ ከተማ የመጣ፣ የሰብአ ሰገል ነው ተብሎ የሚታመን ዐፅም በዚያ ሣጥን ውስጥ አርፏል። «ከልጅነቴ ጀምሮ በገና ሌሊት የምሰማው ታሪክ ነው፤ እዚያ ቆሜ ምን ብዬ እንደጸለይሁ እንኳ አላስታውስም» ይላሉ።

ወደ ማማው የሚያወጣው ደረጃ 533 ነው። ሻለቃው የእግረኛ ጦር ሰው መሆናቸውን አስታውሰው በፈጣን እርምጃ ጀመሩ። 24 ቶን የሚመዝነው፣ በ1923 የተሠራው የቅዱስ ጴጥሮስ ደወል ካለበት ክፍል ሲደርሱ ግን «ደወሉን ልመርምር» ብለው ቆሙ። ወይዘሮዋ ሳይመረምሩ ወጡ። ሻለቃው የዚህን ክፍል እንዳንጽፍ ለምነውን ነበር፤ ነገር ግን የቤተሰብ አምድ ለባለቤታቸውም ጭምር ነውና ጽፈነዋል።

ከላይ ሆነው ሲመለከቱ ከተማው አዲስ መምሰሉ ሻለቃውን አስገረማቸው። ምክንያቱን ልጃቸው ነገረቻቸው። በግንቦት 1942 መጨረሻ በአንድ ሌሊት ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደብድበዋል፤ ጦርነቱ ሲያበቃ የከተማዋ እምብርት የፍርስራሽ ክምር ነበር። ካቴድራሉ ብዙ ጊዜ ቢመታም ቆሞ ቀርቷል። በነገራችን ላይ፣ በየምሽጉ ራዲዮ ይዛችሁ የምታደምጡት የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ስርጭት ከ1965 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ይሰናዳ የነበረው በዚህችው በኮሎኝ ነበር፤ በ2003 ጣቢያው ወደ ቦን ተዛውሯል። ሻለቃው ይህን ሲሰሙ የድሮ ጎረቤታቸውን ቤት ያገኙ ያህል ተደስተዋል።

ከኮሎኝ በባቡር አገሩን አቋርጠው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ድሬስደን ሄዱ። በዚህች ከተማ ላይ ነው ባልና ሚስቱ የተከራከሩት። በየካቲት 13 እና 14 ቀን 1945 በአየር ድብደባ 25,000 ያህል ሰው አልቋል። በእመቤታችን ስም የተሠራው ባለ ጉልላት ቤተ ክርስቲያን እሳቱን ተቋቁሞ ሁለት ቀን ከቆየ በኋላ፣ የካቲት 15 ቀን ጠዋት ተንዶ ወደቀ። የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ፍርስራሹን የጦርነት መታሰቢያ አድርጎ ከአርባ ዓመት በላይ እንዳለ ተወው። ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱ በኋላ ሥራው በ1994 ተጀምሮ በ2005 ተመረቀ። ከፍርስራሹ የተለቀሙት ጠቋቁረው የቀሩ ድንጋዮች ከአዲሶቹ ነጫጮች መካከል ተሰክተው ስለሚታዩ፣ ግድግዳው ሩቅ ላለ ሰው ዝንጉርጉር ይመስላል። ጉልላቱ ላይ ያለውን መስቀል የሠራው አለን ስሚዝ የተባለ የለንደን አንጥረኛ ሲሆን፣ አባቱ ከተማዋን ከደበደቡት አብራሪዎች አንዱ ነበር።

የሻለቃው ሐሳብ ፍርስራሹ ባለበት ይቆይ ነበር የሚል ነው። «ወታደር ያልሆነ ሰው ጦርነት ምን እንደሚመስል በዓይኑ የሚያየው በፍርስራሽ ነው፤ ከታደሰ ይረሳል» ይላሉ። ወይዘሮዋ አይቀበሉትም። «ሻለቃ፣ አንተ ቤት ሲፈርስ ነው የምታየው፤ የፈረሰውን ጠርጋ ልጅ የምታሳድገው ሴት ናት። እሷ ምንጊዜም ፍርስራሽ ስታይ ትኑር?» አሏቸው። ይህን የተናገሩት በከተማው ማዘጋጃ ቤት አጠገብ በ1952 የቆመውን፣ የሥራ ልብስ የለበሰች ሴት ሐውልት ካዩ በኋላ ነው። ሐውልቱ ፍርስራሽ ላነሡት ሴቶች መታሰቢያ ነው። እኛ በዚህ ጉዳይ ከወይዘሮዋ ጋር ነን፤ ሻለቃው ግን እስከ ዛሬ አልተረቱም።

በማግስቱ በኤልበ ወንዝ ዳር ወደ ገጠሩ ወጡ። ወንዙ በአሸዋ ድንጋይ ገደሎች መካከል ይጠማዘዛል። ባስታይ ከሚባለው አምባ ላይ በ1851 የተሠራ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ከወንዙ 194 ሜትር ከፍ ይላል። ሌላው አገር ጎብኚ ፎቶግራፍ ሲነሳ ሻለቃው ወንዙን ከግራ ወደ ቀኝ ቃኝተው፣ «ይህማ ገዥ መሬት ነው፤ አንድ ሻምበል ጦር መንገዱን ይዘጋል» አሉ። ወይዘሮዋም፣ «ተው እንግዲህ፤ ጡረታ ወጥተህ የለም ወይ!» ብለው እጃቸውን ይዘው አወጧቸው። እጅ ለእጅ ተያይዘው መሄዳቸውን ልጃቸው ፎቶግራፍ አንስታዋለች፤ ሥዕሉን አሳይተውናል።

የመጨረሻውን ሳምንት ከኮሎኝ በልጃቸው መኪና ወደ ቤልጅግ ተጉዘው አሳለፉ። ብሩዥ የምትባለው ጥንታዊት ከተማ ውኃ በመንገድ ፈንታ የሚያልፍባት፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጥብስ ድንች በየማዕዘኑ የሚሸጥባት ውብ ከተማ ናት፤ ብዙ አንልም። ከዚያ ወዲያ ያለው ገጠር ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ወይዘሮዋ በረጃጅም እንጨቶችና ገመዶች ላይ የሚሳብ ሐረግ አይተው ምንነቱን ጠየቁ። ለቢራ መጥመቂያ የሚውል ተክል ነው ሲባሉ፣ «እንግዲያው ጌሾአቸው ነው!» ብለው ሳቁ።

በዚህ ሜዳ ላይ ነው በአንደኛው የዓለም ጦርነት እጅግ ብዙ ወታደር ያለቀው። በ1917 ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ኅዳር 10 በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ ጦርና አጋሮቹ ወደ ፊት የገፉት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሻለቃው የተዋጉለትን ኮረብታ ሲያሳዩአቸው፣ ኮረብታነቱን አላመኑም። የሜዳው ጭቃ ግን ጠላት ሊሆን እንደሚችል ወዲያው ገባቸው። ገበሬዎች እርሻቸውን ሲያርሱ እስከ ዛሬ ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ያገኛሉ፤ የቤልጅግ ጦር ፈንጂ አምካኞች ይሰበስቡታል።

ታይን ኮት በሚባለው መካነ መቃብር 12,000 ያህል ወታደሮች አርፈዋል። ከእነዚህ ከ8,300 በላይ የሆኑት ስማቸው አይታወቅም። ስም በሌላቸው ድንጋዮች ላይ፣ ማንነቱን እግዚአብሔር እንደሚያውቀው የሚገልጽ ቃል ተቀርጿል። ቃሉን የመረጠው ደራሲው ሩድያርድ ኪፕሊንግ ሲሆን፣ እርሱም ልጁን በ1915 በጦርነት አጥቷል። የጄኔራሉም የተራ ወታደሩም ድንጋይ እኩል ነው።

ማምሻውን ወደ ኢፐር ከተማ ገቡ። ከተማዋ በዚያ ጦርነት ከመሠረቷ የፈረሰችና እንደገና የተሠራች ናት። በከተማዋ መውጫ መንገድ ላይ በ1927 የተመረቀ ሰፊ ቅስት በር አለ፤ መኒን በር ይባላል። በግድግዳው ላይ መቃብራቸው ያልታወቀ ከ54,000 በላይ ወታደሮች ስም በየክፍላቸውና በየማዕረጋቸው ተጽፏል። በየምሽቱ በእነርሱ 20 ሰዓት፣ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መኪና ይቆምና ጡሩምባ ነፊዎች የሙታን መታሰቢያ ዜማ ያሰማሉ። ይህ ከ1928 ጀምሮ የሚደረግ ነው፤ ጀርመኖች ከተማዋን ይዘው በቆዩበት ዘመን ብቻ ተቋርጦ፣ መስከረም 6 ቀን 1944 ከተማዋ ነፃ በወጣችበት በዚያው ምሽት ቀጥሏል። የአንዱ ወታደር ዐፅም ተገኝቶ ማንነቱ ሲለይ፣ በስሙ መቃብር ይቆምለትና ስሙ ከግድግዳው ይነሣል።

ጡሩምባው ሲነፋ ሻለቃው ቀጥ ብለው ቆሙ። ወይዘሮዋ ግን ወደ ግድግዳው ተጠግተው በማያነቡት ፊደል የተጻፈውን በጣታቸው ይከተሉ ጀመር። ታናሽ ወንድማቸው በ1991 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ግንባር ዘምቶ አልተመለሰም። መርዶው ደርሷቸዋል፤ ለቅሶም ተቀምጠዋል፤ የወደቀበት ቦታ ግን አልታወቀም። «መቶ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ የማያውቁት ሰው በየማታው ይቆምለታል» አሉን፤ ሲኒዎቹን ሰብስበው ተነሡ፤ ተመልሰው ተቀመጡ። «የእኔን ወንድም ስም እኔና እናቴ ነበርን የምናነሣው። እናቴ አረፈች።»

ለጊዜው ማናችንም አልተናገርንም። ከዚያ ወይዘሮዋ ማስታወሻ ደብተራችንን አመለከቱ። «ይህን ሁሉ ካቴድራልና ድልድይ ጻፋችሁ። የእሱንም ስም ጻፉ» አሉን። የአሁኑ ጽሑፋችን ስም የማይጠቀስበት ስለሆነ፣ ስሙን በሚመጣው ሳምንት ለብቻው በዚሁ አምድ እንደምናወጣ ቃል ገባንላቸው። መቃብሩ ያልታወቀ የቤተሰብ አባል ያላችሁም ስሙን፣ ማዕረጉንና የነበረበትን ክፍል ጽፋችሁ ብትልኩልን አብረን እናወጣለን። ወይዘሮዋ ቀስ እያሉ ነገሩን፤ እኛም ጻፍን። ማዕረጉ ላይ ስንደርስ «አስር አለቃ» አሉ።

እስከዚያ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከቱ የነበሩት ሻለቃው ዞር አሉ። «አይደለም፤ ሃምሳ አለቃ በሉት። ሹመቱ የመጣው እሱ ወደ ግንባር ከሄደ በኋላ ነው፤ ወረቀቱ በእኔ እጅ ነው የደረሰው» አሉና ሊያመጡልን ወደ ጓዳ ገቡ።