እናት ጣቷን ስታትም ምን ትሰጣለች?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ ማንኩሳን ያልፋል። አብዛኞቻችን ግን ማንኩሳን የምናውቃት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ቢታመም ወላጆቹ በስእለት ለእግዚአብሔር ሰጡት። እሱን የጠየቀው አልነበረም። እኛም መጽሐፉን ለትምህርት ስናነብ አንድ የሕግ ጥያቄ ተነሣብን፤ ወላጅ ልጁን ለሌላ ሲሰጥ ወላጅነቱ ያበቃልን? የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችን ድፍረታችንን ይቅር ይበሉን።

ልጅን ለሌላ አሳዳጊ መስጠት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ማደጎ እንለዋለን፤ ሕጉ የያዘው «ጉዲፈቻ» የተባለው ቃል ደግሞ ከኦሮምኛ የመጣ ነው። ማር የተቀባ አውራ ጣት ጠብቶ «የጡት ልጅ» መሆንም ነበር። በነዚህ ልማዶች ሁሉ አዲስ አባት ወይም አዲስ እናት ይጨመራል እንጂ የወለደችው እናት አትሰረዝም።

ሕጋችንም በዚሁ መንገድ የሄደ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (ዐዋጅ ቁጥር 213/1992) በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ከወላጆቹ ጋር ያለውን ዝምድና እንደያዘ ይቀራል ይላሉ። ሁለቱ ቤተሰቦች የተጋጩ እንደ ሆነ ግን የአሳዳጊው ይበልጣል። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ ስላወጣ የማንኩሳ ሰው ጉዳይ የሚታየው በዚያ ነው።

በፌዴራሉ ሕግ ሁለቱም ወላጆች በሕይወት ካሉና ከታወቁ ሁለቱም መስማማት አለባቸው። ለሥራ እንደ ወጣ የቀረ አባት ስንት ነው! አንዱ ከሞተ ወይም ከጠፋ የሌላው ፈቃድ ይበቃል። አንዱ እምቢ ቢልና ልጁ አሥር ዓመት የሞላው ቢሆን፥ ፍርድ ቤቱ ሌላውን ወላጅና ልጁን ሰምቶ ሊያጸድቅ ይችላል። ፍርድ ቤት ያላጸደቀው ስምምነት ዋጋ የለውም።

በአሜሪካ ግን አካሄዱ ሌላ ነው። የማያውቁት ባዕድ ልጁን በጉዲፈቻ ከመውሰዱ በፊት የወላጆቹ መብት በፈቃዳቸው ወይም በፍርድ መቋረጥ አለበት። ወላጅ እምቢ ካለ ይከሰሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው እንዲህ ያለው ፍርድ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ይሻል ብሎ ወስኗል። ከዚያ በኋላ ወላጅ በሕግ ዓይን እንደ ማንኛውም መንገደኛ ነው።

ጉዳቱ የተፈጠረው ሁለቱ ሕጎች በተገናኙበት ላይ ነው። ልጇን ለውጭ አገር አሳዳጊ የሰጠች ድኻ እናት «ተምሮ ይመለሳል፥ ይጠይቀኛል» ብላ ጣቷን ስታትም የምታስበው ማደጎን ነው። በዚያ ማዶ ግን ወረቀቱ የሚነበበው እንደ መለያያ ነበር። ያታለላት ደላላ ባይኖር እንኳ ቃሉ ራሱ ያታልላታል። የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1070 የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ዘግቷል። እኛ ዘግይቷል እንላለን።

ታዲያ በእኛ አገር የወላጅን ሥልጣን ሊነካ የሚችል የለም ማለት ነውን? አይደለም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 እናቱ የሞተችበትንና አክስቱ ያሳደገችውን ልጅ ጉዳይ መርምሯል። ለብዙ ዓመታት ያልጠየቀው አባት ሞግዚትነቱን ፈልጎ ቀረበ፤ የታች ፍርድ ቤቶችም «አባት ነው» ብለው ሰጡት። ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቅሶ፥ ከአባትነት መብት ይልቅ የልጁ ጥቅም ይቀድማል በማለት ውሳኔውን ሽሮ ልጁን ለአክስቱ አጸና። በዐዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት ይህ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች አስገዳጅ ነበር። አባቱ ግን በዚያ ፍርድ ሞግዚትነቱን አጣ እንጂ አባትነቱን አልተፋቀም።